ሐዋሳ ላይ ለአነስተኛ የግቢ ማስዋብ ድርጅት የመጀመሪያውን ማሽን መምረጥ፦ ከልኬት እስከ ግዢ ውል

ግቢ የሚያስውብ ማኅበር ትንሽ ገንዘብ ሲይዝ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኤክስካቫተር ላይ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ቀኑን የሚበላው ቁፋሮ አይደለም። የከተማዋ አፈር በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና የሐይቅ ደለል ስለሆነ ዶማና አካፋ ይበቃዋል። ጉልበቱ የሚያልቀው የተቆፈረውን በማውጣት፣ ገረጋንቲውን፣ አሸዋውን፣ ጥቁር አፈሩንና ኮብሉን ደግሞ ከበር እስከ ቦታው በማመላለስ ነው። ስለዚህ የግዢው ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ የሚጠቀጥቅ ትንሽ ማሽን፣ ቀጥሎ የሚያነሣና የሚያጓጉዝ፣ መጨረሻ ላይ የሚቆፍር። ትንሹ መጠቅጠቂያ የቀደመው ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ በየሥራው ስለሚፈለግ ነው። ከባዱ ውሳኔ ሁለተኛው ላይ ነው፤ ይህ መመሪያም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው እሱ ላይ ነው።

1. ከመግዛት በፊት የስድስት ወር መዝገብ

አንድ ደብተር ያዙና ለእያንዳንዱ ሥራ እነዚህን ጻፉ፦ ስንት ሜትር ኩብ ወጣ፣ ስንት ሜትር ኩብ ገባ፣ መኪናው ካራገፈበት እስከ መጨረሻው ቦታ ስንት ሜትር ነው፣ ስንት የሰው ቀን ፈጀ፣ ማሽን ተከራይታችሁ ከሆነ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ሰዓት አስጠበቃችሁ፣ የግቢው በር ስፋት ስንት ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። 400 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ቢነሣ 60 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፤ 25 በመቶ ብንጨምርለት 75 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ አምስት ምልልስ ማለት ነው። በባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ግን፣ አንዱ ጋሪ 60 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ 1,250 ጉዞ ይፈልጋል። ርቀቱ 40 ሜትር ከሆነ መሙላቱን፣ መገልበጡንና መመለሱን ጨምሮ አንዱ ጉዞ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአራት ጋሪ ከሦስት የሥራ ቀን በላይ ነው። የሚተካው አፈርም ተመሳሳይ መጠን ካለው እጥፍ ሆነ።

0.4 ሜትር ኩብ ባኬት ያለው ትንሽ ሎደር በዚያው ርቀት አንዱን ምልልስ በሁለት ደቂቃ ተኩል ይጨርሳል፤ በሰዓት 24 ምልልስ። ማረፊያውን፣ ማስተካከሉንና የኦፕሬተሩን ድካም ቀንሳችሁ በሰዓት 7 ሜትር ኩብ ብትይዙ፣ ማውጣቱና ማስገባቱ ተደምሮ (150 ሜትር ኩብ) 21 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ዓይነት ስሌት ለእያንዳንዱ ያለፈ ሥራ ሠርታችሁ በዓመት ስንት የማሽን ሰዓት እንደሚወጣ ደምሩ። ያ ቁጥር ከሌላችሁ፣ ለግዢ ገና ናችሁ።

2. ቦታው የሚያስገባው ማሽን የትኛው ነው

በደብተራችሁ ላይ ያሉትን የበር ስፋቶች ከማሽኖቹ ስፋት ጋር አነጻጽሩ።

1.7 ቶን የሚመዝን ሚኒ ኤክስካቫተር ስፋቱ ከ1 ሜትር አይበልጥም።
3.5 ቶን የሚመዝነው ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር ነው።
ስኪድ ስቲር ሎደር (ባለበት የሚዞር ትንሽ ሎደር) ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር።
ባክሆ ሎደር (ፊቱ የሚጭን፣ ኋላው የሚቆፍር) 2.3 ሜትር አካባቢ፤ ክብደቱም ወደ 8 ቶን ይጠጋል።

ባክሆ በመኪና በር ቢያልፍም፣ ውስጥ ገብቶ የሚዞርበት ቦታ ከሌለ በር ላይ ቆሞ ሲኖትራክ ከመጫን የዘለለ ጥቅም አይሰጥም። የመኖሪያ ቤት ግቢ ሥራ ለሚበዛባችሁ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎችና ሪዞርቶች፣ የተቋማት ግቢዎችና የመንገድ ዳር አረንጓዴ ቦታዎች ላይ የምትሠሩ ከሆነ ግን ስፋት ችግር አይሆንም።

ሁለተኛው ጥያቄ መሬቱ ማሽኑን ይሸከማል ወይ የሚለው ነው። ሐይቅ ዳርና ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ አቅጣጫ ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ በክረምት ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ እንኳ ውሃ ሊያቋጥር ይችላል። ባለ ጎማ ከባድ ማሽን እዚያ ይሰምጣል። ሰንሰለት ያለው ክብደቱን ስለሚያሰራጭ ይሻላል። ታቦር ተራራ ግርጌ ደግሞ ድንጋይ ይገጥማችኋል፤ ለዚያ የድንጋይ መስበሪያ የተገጠመለት ማሽን በሰዓት መከራየት ያዋጣል እንጂ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚገጥም ድንጋይ ማሽን አይገዛም።

ሦስተኛው ሴፕቲክ ታንክ ነው። ከአፈር ሥር የተሸፈነ የሴፕቲክ ክዳን የተሠራው ሰው እንዲረማመድበት እንጂ 8 ቶን እንዲቆምበት አይደለም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቤቱን ባለቤት ጠይቃችሁ የታንኩን አራት ማዕዘን በኖራ አስምሩ። ማሽኑ ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል መራቅ አለበት፤ 2 ሜትር ጥልቅ ከሆነ 2 ሜትር። ፑሚስና አመድ የበዛበት አፈር ግድግዳው ሳያስጠነቅቅ ስለሚናድ ይህን ርቀት ለማሳጠር አትደራደሩ።

3. ማሽኖቹ አንድ በአንድ

ፕሌት ኮምፓክተር (ትንሹ መጠቅጠቂያ)። ክብደቱ 90 ኪሎ አካባቢ፣ የመምታት ኃይሉ 15 ኪሎ ኒውተን ገደማ፣ በቤንዚን የሚሠራ። ኮብል፣ የእግር መንገድ፣ የጠርዝ ድንጋይ መሠረት፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ይህ ዓይነት ማሽን በደንብ የሚጠቀጥቀው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ንጣፍ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር አፍስሶ ላዩን ብቻ ማለስለስ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ የተሰነጠቀና የሰመጠ የእግር መንገድ ነው። እርጥበቱን በእጃችሁ ፈትኑ፦ ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨብጡት ቅርጽ ይዞ ውሃ ካላንጠባጠበ ደርሷል። ፑሚስ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እንክብሎቹ ስለሚፈርሱ መደጋገም ወደ ዱቄት ይቀይራቸዋል። የሸክላነት ባሕርይ ላለው ጥቁር አፈር ንዝረት አይሠራም፤ እየዘለለ የሚመታው መጠቅጠቂያ ነው የሚያስፈልገው፤ እሱን ተከራዩ።

ስኪድ ስቲር ሎደር። ብዙ ሰው ቦብካት ይለዋል፤ ስሙ የአንድ አምራች ቢሆንም ለሁሉም ይነገራል። ጠባብ ቦታ ላይ ባለበት ይዞራል፣ ከፊቱ የጉድጓድ መሰርሰሪያ፣ የፓሌት ሹካ ወይም መጥረጊያ ይቀያየርለታል። ለግቢ ሥራ ከዚህ የተሻለ ማሽን ማግኘት ከባድ ነው። ግን ሦስት ድክመት አለው። አንደኛ፣ የሚዞረው በአንድ በኩል ያሉትን ጎማዎች አፍጥኖ ሌሎቹን በመጎተት ስለሆነ ሣርና ኮብል ይገለብጣል፤ አስፋልትና ኮብል ላይ የራሱን ጎማም ቶሎ ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ በመንገድ የሚጓዘው በጣም በዝግታ ስለሆነ ከአቶቴ ሰፈር እስከ ሐይቅ ዳር ለማድረስ እንኳ የጭነት መኪና ይፈልጋል። ሦስተኛው የማንሣት አቅሙ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው አቅም ባለ ጎማው ከሚገለበጥበት ክብደት 50 በመቶ፣ ሰንሰለት ባለው ደግሞ 35 በመቶ ነው። አቅሙ 700 ኪሎ የሆነ ማሽን 0.4 ሜትር ኩብ ባኬቱን እርጥብ አሸዋ ቢሞላ ወደ 800 ኪሎ ይጠጋል። በተመሳሳይ ባኬት ደረቅ ፑሚስ ግን ምንም አይከብደውም። ስለዚህ አቅሙን በምታነሡት ከባድ ዕቃ ለኩ፤ ባኬቱ ከፍ እንዳለ ተዳፋት ላይ መዞር ደግሞ ይህን ማሽን ከሚገለብጡት ነገሮች ዋናው ነው።

ባክሆ ሎደር። ፊቱ 1 ሜትር ኩብ ያነሣል፣ ኋላው ከ4 ሜትር በላይ ይቆፍራል፣ በአስፋልት በሰዓት 35 እና 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ራሱን ያደርሳል። ሎቤድ (ማሽን የሚጭን ዝቅተኛ ተጎታች) አይፈልግም፤ ይህ ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያድናል። ኦፕሬተርና መካኒክ ለማግኘትም ከስኪድ ስቲር ይቀላል፤ ሥራ በጠፋ ጊዜ ለሕንፃ ተቋራጭ በሰዓት ማከራየት ይቻላል። ሰፊ ግቢ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያገለገለ ግን ጤናማ ባክሆ ከአዲስ ስኪድ ስቲር የተሻለ ግዢ ነው። ግን ለመኖሪያ ቤት ግቢ ይገዝፋል፤ አትክልት የሚተከልበትን አፈርም ይጨፈልቃል። ባክሆ የተመላለሰበት መደብ ላይ ሳትቆፍሩ ሣር ከተከላችሁ ሥሩ ወደ ታች አይወርድም፤ ውሃ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ሣሩ በመስመር በመስመር ቢጫ ይሆናል። የጎማው ዱካ ያረፈበትን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መልሶ ማፍለስ የዋጋ ማቅረቢያችሁ ውስጥ ይግባ።

ትራክተር ከተጎታች ጋር። ይህንን ብዙ ማኅበር አያስብበትም፤ ሐዋሳ ላይ ግን በጣም ያስኬዳል። 80 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ትራክተር የፊት ባኬት፣ ገልባጭ ተጎታች፣ አፈር ማላሚያ ሮታቬተር እና የውሃ ታንክ እየተቀያየረለት አራት ሥራ ይሠራል። የውሃውን ነገር አስቡት፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ አዲስ የተተከለ ሣር በቀን ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። 1,000 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 5,000 ሊትር ነው፤ የመስመር ውሃ ሲቋረጥ ያንን የሚያመጣ ከሌለ ተከላው በአንድ ሳምንት ይጠፋል፤ ወጪውም የእናንተ ይሆናል። አጠገባችን ያለው ሻሸመኔና ወደ አርሲ ያለው ስንዴ አምራች አገር ትራክተር ስለሚጠቀም መለዋወጫውም መካኒኩም ሩቅ አይደለም፤ በእርሻ ወቅት ማከራየትም ይቻላል። ድክመቱ ጠባብ ግቢ ውስጥ ለመዞር አለመመቸቱና የፊት ባኬቱ እንደ ሎደር ለቀን ሙሉ ጭነት አለመሠራቱ ነው። የፊት አክስሉን የሚሰብረው ከኋላ ክብደት ሳይታሰር ከባድ ነገር ማንሣት ነው።

ሚኒ ኤክስካቫተር። ለመስኖ ቱቦ ቦይ፣ ለኩሬ፣ ለድጋፍ ግንብ መሠረት ጥሩ ነው። 1.7 ቶኑ 2.2 ሜትር፣ 3.5 ቶኑ 3 ሜትር ገደማ ይቆፍራል። ነገር ግን አፈር ከቦታ ቦታ አያጓጉዝም፤ ቆፍሮ አጠገቡ ይከምራል፤ ክምሩን የሚያነሣ ሌላ ማሽን ወይም ጋሪ ያስፈልጋል። መዝገባችሁ ላይ የቁፋሮ ሰዓቱ ጎልቶ ካልወጣ ተከራዩት።

ትልቅ ኤክስካቫተር፣ ዶዘር፣ ግሬደርና ሮለር ለዚህ ዓይነት ድርጅት አይገዙም።

4. መግዛት ወይስ መከራየት፦ ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ በየቦታው የራሳችሁን ዋጋ አስገቡ። ማሽኑ 4,000,000 ብር ተገዝቶ ከአምስት ዓመት በኋላ 2,400,000 ብር ቢሸጥ በዓመት 320,000 ብር ዋጋው ይወርዳል። በአምስት ዓመቱ ውስጥ በአማካይ ተይዞ የሚቆየው ገንዘብ 3,200,000 ብር ነው፤ ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን 480,000 ብር። ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ ማደሪያና ጥበቃ 120,000 ብር። ድምሩ 920,000 ብር ነው፤ ማሽኑ ቆሞም ይህን ያስከፍላል።

ሲሠራ ደግሞ በሰዓት 4 ሊትር ናፍጣ በ140 ብር ሂሳብ 560 ብር፣ ዘይት፣ ፊልትሮና ግሪስ 100 ብር፣ ጎማ፣ የመገጣጠሚያ ፒንና ቡሽ፣ ጥገና 300 ብር፣ ኦፕሬተር 150 ብር፤ ድምሩ 1,110 ብር። ኪራዩ ከነናፍጣውና ከነኦፕሬተሩ በሰዓት 3,000 ብር ከሆነ፣ የራስ ማሽን በእያንዳንዱ ሰዓት 1,890 ብር ያተርፋል። 920,000 ሲካፈል ለ1,890፣ 487 ሰዓት ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ በአሥር ወር ብታካፍሉት በወር 49 ሰዓት ነው። ኪራዩ 2,200 ብር ቢሆን ግን 844 ሰዓት ያስፈልጋል። የኪራይ ዋጋው ትንሽ ሲለወጥ ውጤቱ ይህን ያህል ስለሚዘል፣ ኪራይ ስትጠይቁ ናፍጣው የማን እንደሆነ፣ ትንሹ የሚከፈልበት ሰዓት ስንት እንደሆነና የማመላለሻው ወጪ ማን ላይ እንደሚወድቅ ለይታችሁ ጻፉ። አንድ ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ ግማሽ ቀን የምትከፍሉ ከሆነ፣ እውነተኛው የሰዓት ዋጋ ከተነገራችሁ እጅግ ይበልጣል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ስለጀመረ የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላር ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ለጥገና የያዛችሁትን ቁጥር በየስድስት ወሩ አድሱት።

ሙሉ ገንዘቡ ለሌላችሁ የካፒታል ዕቃ ሊዝ አለ፤ የኢትዮጵያ ልማት ባንክና የክልል የሊዝ አክሲዮን ማኅበራት ማሽኑን ገዝተው በየወሩ እየከፈላችሁ እንድትጠቀሙ ያደርጋሉ። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆን ቤት ማስያዝ ላይጠየቅ ይችላል። ክፍያው ግን ክረምትም በጋም አይቆምም፤ የክረምቱን ሁለት ወር ክፍያ ከበጋው ገቢ አስቀድማችሁ ካላስቀመጣችሁ የሚያሰናክላችሁ እሱ ነው።

5. ያገለገለ ማሽን ሲፈተሽ

ሻጩ ሞተሩን አሙቆ አይጠብቃችሁ። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ተመለሱ። በቀዝቃዛው ሲነሣ ጭሱን እዩ፦ የማያቆም ሰማያዊ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥቁር የአየር ፊልትሮ ወይም የኖዝል ችግር ነው፣ ከሞቀም በኋላ የሚቀጥል ነጭ ደግሞ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ እንፋሎት በኃይል ከገፋ ፒስተንና ፋሻው አልቋል።

ቀጥሎ ቡሙን (ማንሻ ክንዱን) እና ባኬቱን ከፍ አድርጋችሁ ሞተሩን አጥፉና አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ማንም ከሥሩ አይቁም። በዓይን እያያችሁት ከወረደ የሲሊንደር ሲል (ዘይት ማገጃው ጎማ) ወይም ቫልቭ ያፈሳል። ባኬቱን መሬት ላይ አሳርፋችሁ ክንዱን ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱ ፒኖቹ ጋ ክፍተት ከታየ ፒንና ቡሽ መቀየር አለበት፤ ቀዳዳው ራሱ ከሰፋ ግን ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄድ ትልቅ ወጪ ነው። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሰንሰለት ያለው ከሆነ የመንጃ ጥርሱን እዩ፤ ጫፉ ሹል ከሆነ ሰንሰለቱም አብሮ አልቋል።

ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፦ አሥር ደቂቃ አሠርቶ መወሰን። የደከመ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ጎበዝ ይመስላል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ኃይሉ ይወርዳል። ቢያንስ አንድ ሰዓት እውነተኛ አፈር አስቆፍሩት፣ አስጭኑት፤ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ያለውን ፍጥነት ከመጀመሪያው ጋር በሰዓት አነጻጽሩ። የሰዓት መቁጠሪያው ትንሽ እያሳየ ፔዳሉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀና ወንበሩ ከተቀደደ ቁጥሩን አትመኑ።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ በወረቀት ላይ ካለው ጉልበት 17 በመቶ ገደማ አይገኝም። ሁለት ተመሳሳይ ማሽን ካማራችሁ ቱርቦ ያለውን ውሰዱ።

6. መለዋወጫና ወረቀት

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ዕቃ ዋጋቸውንና መኖራቸውን ጠይቁ፦ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የሃይድሮሊክ ፊልትሮ፣ የሲሊንደር ሲል ኪት፣ የባኬት ጥርስ፣ የሞተር ማስነሻ። ከአምስቱ ሁለቱ በአዲስ አበባ ገበያ እንኳ ካልተገኙ፣ ማሽኑ ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። 275 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ዕቃ በማግስቱ ይደርሳል፤ ከውጭ የሚታዘዝ ግን ወራት ያስቆማል።

ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከማሽኑ ላይ ራሳችሁ አንብቡ፤ የተፋቀ ወይም በብየዳ የተሸፈነ ከሆነ ውሉን አቁሙ። ማሽኑ በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነጻ ገብቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው መተላለፍ አይችልም። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን ለብድር መያዣ ሆኖ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ በብሔራዊ ባንክ የሚመራው መዝገብ ላይ ዕዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ሙሉ ክፍያው የሚፈጸመው ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም ነው፤ ከዚያ በፊት ቀብድ እንጂ ሌላ አይከፈል።

7. ማሽኑ ከመጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት

ፑሚስ መስታወትነት ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አቧራው ከጭቃና ከተራ አፈር የበለጠ ይፍቃል። ፒንና ቡሽን የሚበላው፣ የሲሊንደር ዘንጉን የሚቧጭረው እሱ ነው። ግሪስ በየቀኑ፣ ሥራ ሲያልቅ ማሽኑ ገና ሙቅ ሳለ ይሰጥ፤ አሮጌው ግሪስ አቧራውን ይዞ እስኪወጣ ድረስ። የአየር ፊልትሮ ድንጋይ ላይ እየመቱ ማራገፍ ወረቀቱን ይሰነጥቃል፤ ከዚያ በኋላ አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ሁለት ተጨማሪ ፊልትሮ መጋዘን ይኑር፤ ማሳያው መብራት ሲበራ ቀይሩ።

የሞተር ዘይት በየ250 ሰዓቱ፣ አቧራ በበዛበት ሥራ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይቀየራል። ያገለገለ ማሽን ከሆነ የሻጩን ቃል ሳትጠብቁ ሁሉንም ዘይትና ፊልትሮ በመጀመሪያው ቀን ቀይሩና ሰዓቱን ከዚያ ቁጠሩ። ናፍጣ በጀሪካን የምትሞሉ ከሆነ ጀሪካኑ አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ይደር፤ የታችኛው ጥቂት ሊትር ወደ ታንኩ አይገባም፤ ውሃና ቆሻሻው የሚተኛው እዚያ ነው። በየጠዋቱ የውሃ መለያውን ጥቂት አፍስሱ።

ትንሹን ማሽን በአይሱዙ የምታመላልሱ ከሆነ የመኪናው ወለል 1 ሜትር ከፍታ ካለው መወጣጫው 4 ሜትር ይሁን፤ ያኔ ተዳፋቱ ከ15 ዲግሪ አይበልጥም። ባጠረ መወጣጫ ላይ ማሽኑ ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከባዱ ጎን ምንጊዜም ወደ ላይ ይዙር፤ ባዶ ባኬት ያለው ስኪድ ስቲር ክብደቱ ኋላው ስለሆነ ወደ ኋላ እየሄደ ይወጣል፣ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ይወርዳል። የመኪናው ጎማ ታኮ ይደረግለት፣ ማሽኑ በአራት ማዕዘን በሰንሰለት ይታሰር፣ ባኬቱ ወለሉ ላይ ይረፍ።